ቪትዝን ፌራሪ የሚያደርግ ቱቦ የለም

ነገሩን ከመደምደሚያው እንጀምረውና ክርክሩ ይጠር። የአንድ ሊትር ሞተር ላይ ሄደር ገጥሞ፣ ካታሊስቱን አውጥቶ ጥሎ፣ ማርሚታውን በባዶ ቱቦ ቀይሮ ከፔዳ እስከ ዓባይ ድልድይ ሌሊት እያጓሩ መመላለስ ጀግንነት አይደለም። ምህንድስናም አይደለም። ጩኸት ነው። ይሄን በማለታችን “እናንተ ደግሞ እንደ ሽማግሌ ታወራላችሁ” እንደምንባል እናውቃለን። ይባል። (ከመካከላችን ትልቁ ገና ሠላሳ አልሞላውም።)

በመጀመሪያ ለማያውቁት እናስረዳ። ሞተር አየርና ነዳጅ ይስባል፣ ያቃጥላል፣ ጭሱን ያስወጣል። ጭሱ ከሞተሩ እንደወጣ መጀመሪያ የሚገባበት፣ ከቴስታታው ጎን በብሎን የታሰረው ብረት ማኒፎልድ ይባላል። ፋብሪካው ብዙ ጊዜ አጭርና ጠንካራ አድርጎ ይሠራዋል። ሄደር የሚባለው በእሱ ቦታ የሚገባ፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ለየብቻው ረዘም ያለ ቱቦ ያለው ዕቃ ነው። የአንዱ ሲሊንደር ጭስ ተስፈንጥሮ ሲሄድ ከኋላው የሚተወው ክፍተት የሌላውን ጭስ ይስባል፤ ሞተሩም ጭሱን ለመግፋት የሚያባክነው ጉልበት ይቀንሳል። ሐሳቡ ትክክል ነው። የእሽቅድምድም መኪኖች የሚጠቀሙበትም በምክንያት ነው። ጥያቄው የእናንተ ቪትዝ የእሽቅድምድም መኪና ናት ወይ የሚለው ነው።

እስኪ የምትሉንን አንድ በአንድ እንየው።

“ጉልበት ይጨምራል”

የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ባለ አንድ ሊትር ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ 70 የፈረስ ጉልበት አለው። እሱም በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር፣ በባሕር ወለል አየር ላይ ተለክቶ ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ያህል እዚሁ አየር ላይ ያጣዋል። ስለዚህ 70 ያላችሁት ገና ሳትነሱ ወደ 57 ወርዷል። ጥሩ ሄደር በጥሩ ባለሙያ ተገጥሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ሞተር የሚጨምረው፣ ከጨመረ፣ ሁለት ወይም ሦስት የፈረስ ጉልበት ነው። እሱንም የምታገኙት ሞተሩ ጣሪያ ድረስ ሲጮህ ብቻ ነው። በባጃጅ፣ በእግረኛና በብስክሌት በተሞላ መንገድ ላይ 6000 ዙር የት ታገኙታላችሁ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው።

እንዲያውም ያው ገንዘብ የአየር ማጣሪያ ቢቀየርበት፣ ካንዴላ ቢታደስበት፣ ፍሬን ቢታይበት መኪናዋ ታመሰግናችኋለች። ግን አዲስ ካንዴላ አይጮህም። ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

“ነዳጅ ይቆጥባል”

ይሄኛውን የነገራችሁ ዕቃውን የሸጠላችሁ ሰው መሆን አለበት። የዛሬ መኪና ጭሱ መንገድ ላይ የኦክስጅን ሴንሰር አለው። ሴንሰሩ በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን እየለካ ለኮምፒውተሩ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም የነዳጁን መጠን ያስተካክላል። ግቢ ውስጥ በጥድፊያ የተገጠመ ሄደር ከሁሉ በፊት የሚበላሸው ጓርኒሲዮኑ ላይ ነው። አሮጌው ጓርኒሲዮን ይመለሳል፣ ብሎኑ እኩል አይጠብቅም፣ በቀዳዳው የውጭ አየር ይገባል። ሴንሰሩ ያንን አየር ያይና “ነዳጅ አነሰ” ብሎ ይዋሻል። ኮምፒውተሩ ያምነዋል፤ ነዳጅ ይጨምራል። ሞተሩ ያለ ጥቅም ይጠጣል፤ እናንተ ማደያ ወረፋ ላይ ቆማችሁ “መኪናዋ ምን ነካት?” ትላላችሁ። የነካት የእናንተ እጅ ነው። አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ።

ዳሽቦርዱ ላይ የበራው ቢጫ መብራትስ? “እሱን ተወው፣ በላስቲክ ሸፍነው” የሚል መካሪ አይጠፋም። መብራቱ የሚናገረው ካታሊስቱ ቦታው ላይ እንደሌለ ነው። እውነቱን ነው፤ የለማ።

“ድምፁ ያምራል”

እዚህ ላይ ነው የማንተራረፈው።

ማርሚታ ዝም ብሎ የተቀጠለ ቆርቆሮ አይደለም። ሚልተንና ማርሻል ሪቭስ የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1897 የፈጠራ መብት ያስመዘገቡበት ዕቃ ነው። መኪና ገና ፈረስ በሚያስደነብርበት ዘመን የሰው ልጅ “ይሄ ነገር መጮኹን ካልተወ አብረን አንኖርም” ብሎ ወሰነ ማለት ነው። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ቆይታችሁ ፈረሱን እንደገና ልታስደነብሩት ተነሣችሁ።

አገራችንም ዝም አላለችም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም መስፈርት ከሚወጣላቸው ነገሮች አንዱ አድርጎታል፤ የወጣው መስፈርት ደግሞ ለመኖሪያ ሰፈር ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ያለ ማርሚታ የሚነዳ መኪና አጠገቡ ሲቆሙ ከ100 ሊያልፍ ይችላል። ልብ በሉ፣ ዴሲቤል እንደ ብር አይቆጠርም፤ አሥር በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ይሆናል።

ግን ቁጥሩን ተዉት። ይህች ከተማ ምን እንደሰማች እናስታውሳችሁ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ ውጊያ ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም መጣ፤ በአራት ወር ተራዘመ፤ ሰው በጊዜ ቤቱ መግባት ለመደ። እዚህ ከተማ ውስጥ ድምፅ ሲሰማ “ምን ነበር?” ብሎ የማይጠይቅ እናት፣ ወደ ወለሉ የማይወርድ ልጅ ብታገኙ ዕድለኛ ናችሁ። እናንተ ታዲያ ነዳጅ ፔዳሉን ስትለቁ፣ ያልተቃጠለው ነዳጅ በጋለው ቱቦ ውስጥ ሲፈነዳ “ጣ! ጣ! ጣ!” የሚለውን “ፖፕ” ብላችሁ ታደንቁታላችሁ። ግድግዳው ማዶ ያለው ሰው ፖፕ አይሰማም። ሌላ ነገር ይሰማል። ልጁን ያቅፋል። ስልክ ይደውላል። እስኪነጋ አይተኛም። በማግስቱ “ለካ መኪና ነው” ሲባል ደግሞ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል፤ አላለቀም። የማይረሳ ሰውነት አለ።

ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ2002 ዩኔስኮ ለሰላም ከተሞች የሚሰጠውን ሽልማት ያገኘች ናት። ሽልማቱን መመለስ የእናንተ አቅም አይደለም። የአንድ ሰፈር እንቅልፍን መመለስ ግን የእናንተ አቅም ነው፤ አንድ ማርሚታ ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ድምፁ ለሴቶች ተብሎ ከሆነ ከመካከላችን ሴቶቹ ስብሰባ ተቀምጠን በሙሉ ድምፅ ወስነናል፦ አልወደድነውም። በመስኮት ብቅ ያልነው ልናደንቅ ሳይሆን ታርጋ ልናይ ነው።

“መኪናው የራሴ ነው”

መኪናው የራስህ ነው፤ ጭሱ ግን የሁላችን ነው። በብዙ ትናንሽ መኪኖች ላይ ካታሊስቱ ከማኒፎልዱ ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው። ቶሎ እንዲሞቅ ነው፤ ሦስት መቶ ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ በደንብ አይሠራም። ርካሽ ሄደር ስትገጥሙ አብሮ የሚሄደው እሱ ነው። በውስጡ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለ፤ እነሱ ካርቦን ሞኖክሳይዱን፣ ያልተቃጠለ ነዳጁንና የናይትሮጅን ኦክሳይዱን ወደ ቀለለ ነገር ይለውጣሉ። (በነገራችን ላይ የተነቀለው ካታሊስት የት ገባ? ማን ወሰደው? በስንት ሸጠው? ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?)

ካርቦን ሞኖክሳይድን እናቶቻችን በስሙ ባያውቁትም በሥራው ያውቁታል። “ከሰሉን ውጭ አውጡት፣ ሰው ይገላል” የሚሉት እሱን ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ደም ውስጥ ከኦክስጅን ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ በልጦ ይጣበቃል። ፔዳ አካባቢ ግቢ ማለት አንድ ቤተሰብ አይደለም፤ በየሰርቪሱ ተማሪ የተከራየበት፣ ሕፃን የሚድህበት ግቢ ነው። እዚያ መሐል አጥር ሥር ሞተር አስነሥቶ ግማሽ ሰዓት “ድምፁን ማስተካከል” ከሰል ቤት ውስጥ ከማጋደም በምን ይለያል?

“የአይሱዙው ጥቁር ጭስስ? ለምን እኛን ብቻ?” የሚል መልስ ተዘጋጅቶ እንደሚጠብቀን እናውቃለን። ጥሩ ጥያቄ ነው። አይሱዙው ጤፍ ጭኗል፤ የሚያጨሰውም ማጨሱን ለማቆም ገንዘብ ስላጣ ነው። እናንተ ለማጨስ ገንዘብ ያወጣችሁ ናችሁ። ልዩነቱ ይሄው ነው። እሱም ይስተካከል፣ እናንተም ተመለሱ።

ግቢ ውስጥ መሥራቱስ?

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ጎራ እንዙር፤ ምክንያቱም “ልጆቹ ጋራዥ ይሂዱ፣ እጃቸውን ምን አስገባቸው?” የሚሉትንም አንቀበልም። ወጣት ግቢው ውስጥ ቁልፍ ይዞ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ ከመኪና ሥር ሲገባ ማየት ደስ ይለናል። የሚያበሳጨን እጁ ሥራ መፍታቱ እንጂ መቆሸሹ አይደለም።

የምንኖርበትን ሰፈር ስም እንኳ አስቡት። ፔዳ የምንለው ፔዳጎጂን አሳጥረን ነው፤ የመምህራን አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1972 እዚህ ስለተከፈተ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ፖሊ ተከፍቶ ነበር። አንዱ ማስተማርን፣ ሌላው በእጅ መሥራትን ሊያስተምር ተቋቋመ፤ በ2000 ሁለቱ ተጋብተው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ጋብቻው ግን ወረቀት ላይ የቀረ ይመስለናል። ሞተርን በሰሌዳ የሚያውቅ ብሎን አይፈታም፤ ብሎን የሚፈታው ለምን እንደሚፈታ የሚነግረው የለም። ልጆቹ ታዲያ ከማን ይማሩ? ከፋስት ኤንድ ፊውሪየስ ነዋ!

ስለዚህ መግጠማችሁ ካልቀረ በወጉ ግጠሙ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል። መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ሥሩ አትግቡ፤ ብሎኬት ግድግዳ እንጂ መኪና አይሸከምም፣ ድንገት ይፈረካከሳል፤ ትክክለኛ የብረት መቆሚያ ተበደሩ። ዝገት የበላቸውን ዳዶዎች ከዋዜማው ጀምሮ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጧቸው፤ ቸኩሎ ብሎን ቴስታታው ውስጥ የሰበረ ሰው ሄደሩን ረስቶ ስለ ቴስታታው ያለቅሳል። የሴንሰሩን ሽቦ አትጎትቱ። ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን። ብሎኑን ከመሐል ወደ ዳር፣ ደረጃ በደረጃ፣ ፋብሪካው ባዘዘው ልክ በመለኪያ ቁልፍ አጥብቁ። ስታስነሡት ሜዳ ላይ፣ ቀን ላይ ይሁን፤ ሳይሞቅ በፊት በሳሙና ውኃ ፍንጣቂ ካለ እዩ። ጥቂት ቀን ነድታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ እንደገና አጥብቁ።

ከሁሉ በላይ፣ ካታሊስት ያለው ወይም ካታሊስቱን የሚቀበል ሄደር ካልሆነ አትግዙ። ማርሚታውን አትንኩ። ሄደር ከማርሚታ ጋር አብሮ ይኖራል፤ አንዱ እንዲገባ ሌላው መሞት የለበትም። እንዲህ ተገጥሞ ሁለት የፈረስ ጉልበት ካገኛችሁ ምርቃታችን ነው። ቀን ላይ ኑና አሳዩን፤ ኮፈኑን ክፈቱልንና አስረዱን። እናጨበጭባለን።

ሌላም ነገር አለ። ጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አሳውቋል። የያዛችኋት ቪትዝ እንግዲህ ከእናንተ ጋር የምታረጅ ናት። ዕድሜዋን በጩኸት አትጨርሱት።

ፖሊም ቢሆን ዝም ብሎ አይታዘብ። በወር አንድ ቅዳሜ ወርክሾፑን ለሰፈሩ ልጅ ከፍቶ “ኑ፣ ግጠሙ፣ ጭሱንም እንለካላችሁ” ቢል ምን ይጎድልበታል? ቦሎ የሚለጥፈው ቢሮም ከፍሬንና ከመብራት ጋር ካታሊስቱ ቦታው ላይ መኖሩን ጎንበስ ብሎ ቢያይ ወገቡ አይሰበርም። የትራፊክ ፖሊስ ደግሞ ግንቦት 2016 የተመረቀው ድልድይ 380 ሜትር የእሽቅድምድም ሜዳ አለመሆኑን ሌሊትም ያስታውስልን።

ለእናንተ ለወንድሞቻችን ግን አንድ ቃል ብቻ። በፈለጋችሁት ቀን ሰፈሩን በእጃችሁ ሥራ አስደንቁት። በድምፅ ለማስደንገጥማ ብዙዎች ቀድመዋችኋል፤ ከእነሱ ጋር አትሰለፉ።