የጤፉ ዕዳ በጠርሙስ አይከፈልም

ማዳበሪያ የገበሬ ጉዳይ ነው ብላችሁ ልታልፉኝ ያሰባችሁ የአጠና ተራና የአየር ጤና ልጆች፣ አንዴ ታገሱኝ። ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ እናንተው ሰፈር ነው የሚያልቀው።

መጀመሪያ ወሬው። ኢፍኮ የተባለው የህንድ ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ድርጅት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. «ናኖ ዳፕ» የሚባል ፈሳሽ ማዳበሪያ ገበያ ላይ አውጥቷል። ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ናት። የ50 ኪሎ ከረጢት ዳፕን ሥራ ትሠራለች ተብሎላታል። ዳፕ ማለት ደግሞ የእኛም ገበሬ ለዓመታት ከዩሪያ ጋር ሲበትነው የኖረው ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ነው።

ለእኛ ይህ ወሬ ማር ማር ይላል። የፎስፈረስ ማዳበሪያ ከውጭ በዶላር ተገዝቶ፣ በመርከብና በከባድ መኪና ተጭኖ ነው የሚመጣልን። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ጋር የተፈረመው የጎዴ ፋብሪካ ስምምነትም ስለ ዩሪያ ነው። ዩሪያ ከጋዝና ከአየር ይሠራል፤ ፎስፈረስ ግን ከድንጋይ እንጂ ከአየር አይገኝም። በዚያ ላይ ከሚታረሰው መሬታችን 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ ነው። እንዲህ ባለው አፈር ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን ጠፍረው ይይዙታል። ገበሬው በብድር የገዛውን ይበትናል፣ አፈሩ ይውጠዋል፣ ሰብሉ ፍርፋሪውን ያገኛል።

የናኖው ሐሳብ ይህን ማለፍ ነው። ቅንጣቱ ከ100 ናኖሜትር ያንሳል። ዘሩ ይታሽበታል፣ ቅጠሉ ላይ ይረጫል፤ አፈሩ ሳይዘው ወደ ተክሉ ይገባል ነው ነገሩ። ቂል ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በናኖ ፎስፈረስ ያሳደጉት አኩሪ አተር ከተለመደው ማዳበሪያ 20 በመቶ ያህል የበለጠ ምርት ሰጥቷቸዋል። ግን ልብ በሉ፣ ሙከራው በግሪንሃውስ፣ አፈር ባልሆነ ማብቀያ ላይ ነበር። በዓመቱ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ያንኑ ዓይነት የናኖ ቅንጣት ፎስፈረስ በሚያስሩ እውነተኛ አፈሮች ላይ በስንዴ ሲሞክሩት፣ ተራው ማዳበሪያ በለጠው። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይኼኔ ነው።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ጠርሙሷ ውስጥ ያለው ፎስፌት 16 በመቶ፣ ማለትም 80 ግራም ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው 46 በመቶ፣ ማለትም 23 ኪሎ። ንጹሑን ፎስፈረስ ብቻ ከቆጠርን ጠርሙሷ 35 ግራም ገደማ ትይዛለች። አንድ ኩንታል ጤፍ ደግሞ 400 ግራም ያህል ይዞ ከማሳው ይወጣል። ስለዚህ አንድ ኩንታል ጤፍ የወሰደውን ለመመለስ ከአሥራ አንድ ጠርሙስ በላይ ያስፈልጋል!

«ጠርሙሷ ተክሉን ታነቃቃለች፣ ሥሩ አፈር ውስጥ የታሰረውን እንዲያወጣ ትረዳለች» የሚል ይኖራል። ይሁን፣ እንዳለው ይሁን። ግን ሳይመልሱ ማውጣት ዕቁብ በልቶ እንደ መጥፋት ነው። እንዴት ብሎ «ዘላቂ እርሻ» ይባላል?

የወጣውስ የት ገባ? ኮልፌ ነዋ! ጤፉ ወፍጮ ቤት ገባ፣ እንጀራ ሆነ፣ ተበላ። የተበላው ሽንት ቤት፣ ትርፍራፊው ቆሼ። ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ተሸክሞ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። ከምንጥለው ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ፣ ኮምፖስት ሊሆን የሚችል ነገር ነው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ የተመረቀው የኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደ ነበር። ማቃጠል መብራት ይሰጣል፤ ፎስፈረሱ ግን ከባትሪና ከብረት አመድ ጋር ይቀላቀልና ለማሳ የማይመለስ ይሆናል።

ናኖው አይምጣ አልልም። መጀመሪያ ይፈተሽ ነው የምለው። ሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ቅርብ ነው፣ አሲዳማ ቀይ አፈርም ሞልቷል። ከኖራና ከኮምፖስት ጎን ለጎን ተዘርቶ፣ ከአንድ ክረምት በላይ ይታይ። ውጤቱ ሳይታወቅ ግን ለኖራ የተያዘው ብር ወደ ጠርሙስ አይዙር፤ ኖራ የታሰረውን ፎስፈረስ እንደሚፈታ የታወቀ ነው።

የእኛ ድርሻ ደግሞ ከኩሽና ይጀምራል። የድንች ልጣጭና ባትሪ አንድ ላይ አንጣል። በየቤቱ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ማኅበራት እርጥቡን ለብቻው እንዲወስዱ፣ ወረዳውም ኮምፖስት የሚሠራበት ቦታ እንዲሰጣቸው እንጠይቅ። ቆሻሻ የምናወጣበትን ጆንያ እኮ «ማዳበሪያ» ብለን የምንጠራ ሰዎች ነን። ስሙን ለጆንያው ሰጥተን፣ እውነተኛውን ማዳበሪያ ቆሼ እየወሰድን እንደፋዋለን።