ስላይዱና መምህሩ

የማስተማሪያ መሣሪያ ዋጋው የሚታወቀው ተማሪው እንዲጠይቅ ሲረዳ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሀገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት ሲጀመር፣ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት አማካይነት ለየክፍሉ በአንድ ጊዜ ይደርስ ነበር። ቤተ ሙከራ የሌለው ተማሪ የኬሚስትሪን ሙከራ በዓይኑ ማየቱ መልካም ነበር። ነገር ግን ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያነሣ መምህሩ ሥርጭቱን ሊያስቆምለት አይችልም ነበር።

ዛሬ በፓወርፖይንትና በፕሮጀክተር የሚያስተምር መምህር ይህ ችግር የለበትም። ስላይዱን ሲሻው ያቆመዋል፤ ወደ ኋላም ይመልሰዋል። ታዲያ ይህን ሥልጣን ይዞ ሳለ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የተጻፈውን ብቻ የሚያነብ ከሆነ፣ የማይቆመውን ፕላዝማ በገዛ እጁ መልሶ ተከለ ማለት ነው። ተማሪውም ስላይዱን በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ሳይጽፍና ሳይጠይቅ ይወጣል። ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣን እኛ ይህን ደኅና አድርገን እናውቀዋለን።

ስለዚህ ክቡራን መምህራንን የምንለምነው ይህ ነው። የልብ ሥዕልና የዓባይ ተፋሰስ ካርታ በስላይድ ይታይ፤ የሂሳብ ስሌት ግን በጠመኔ፣ ደረጃ በደረጃ፣ በተማሪው ፊት ይሠራ። ከጥቂት ስላይድ በኋላም ቆም ተብሎ ጥያቄ ይጠየቅ። አባቶቻችን «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ሲሉ መብራቱ ቢጠፋም የሚቀረውን ትምህርት ነገሩን።