ሰሙን ጥለው ወርቁን ለሚሹ

«የጠፋ ወርቅ ባለቤት የለውም፤ ወርቁ የፈለገው ነው» የሚል ሙግት ከሰማሁ ሰነበትኩ። ተሟጋቹ ወዳጄ ከባሕር ማዶ ለዕረፍት የመጣ ሰው ነው። በዚያ አገር ሰዎች የብረት መፈለጊያ መሣሪያቸውን እያወዛወዙ በየማለዳው የባሕር ዳርቻውን አሸዋ እንደሚያስሱ፣ ዋናተኞች የጣሉትን ቀለበትና ሐብል እየለቀሙ ወደ ቤታቸው እንደሚገቡ ነገረኝ። ቀጥሎም ወደ አርዲቦ እያመለከተ፣ «እናንተ ይህን ሐይቅ ታቅፋችሁ ትደኸያላችሁ፤ እኔ መሣሪያውን ላምጣላችሁ» አለ። በዙሪያችን የነበሩት ወጣቶች ዐይናቸው ሲበራ አየሁ። ይህ ጽሑፍ ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ዐይናቸው ለበራው ጭምር ነው።

በቅድሚያ መሣሪያውን ከተአምር ሠሪነት እናውርደው። በጫፉ ባለው የሽቦ ጥቅል ውስጥ የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ መስኩ የነካው ብረታ ብረት ሁሉ በተራው ደካማ ምላሽ ይሰጣል፤ መሣሪያው ያን ምላሽ ሰምቶ ይጮኻል። የጮኸለት ነገር ምን እንደሆነ ግን በእርግጠኝነት አይነግርም። ቀጭን የወርቅ ቀለበትና የአሉሚኒየም ቁራጭ ለእርሱ ተቀራራቢ ድምፅ አላቸው። የለስላሳ ቆርኪ፣ ሚስማር፣ የጥይት ቀለህ፣ ሁሉም ያስጮኹታል። በውቅያኖስ ዳር ቢያንስ ጌጥ ለብሰው የሚዋኙ እልፍ አእላፍ ጎብኚዎች አሉ። አርዲቦ ግን የደጋ ሐይቅ ነው፤ ትርፍ ውሃውን ዝቅ ብሎ ወደተኛው ወደ ሐይቅ እያወረደ በተራሮች መካከል የተቀመጠ። ወደ ዳርቻው የሚወርደው ዓሣ አስጋሪው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ከብቱን የሚያጠጣው እረኛ ነው። እንግዲህ እዚህ ወርቅ ወይም ብር ወደቀ ከተባለ የወደቀው ከማን ላይ ነው?

የወሎ ሴት ጌጥ ታሪክ አለው። ድሪው፣ አልቦው፣ ማርዳው ብዙ ጊዜ ከጠገራ ብር የተሠራ ነው። ማርያ ቴሬዛ የምንለው ያ ጠገራ በየትኛውም ዘመን ቢታተም በላዩ ላይ የሚነበበው ዓመት 1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ሲሆን ከስድስት እጁ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። አባት በሬ ሸጦ ያገኘውን ጠገራ አንጥረኛ ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው ብር በልጅቱ አንገት ላይ ድሪ ይሆናል፤ ድሪው ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል። በክፉ ቀን ይሸጣል፣ በደግ ቀን ይደምቃል። ባንክ ባልነበረበት ቀበሌ የሴቲቱ ባንክ አንገቷ ነበር። ይህ ጌጥ ውሃ ዳር ቢጠፋ «ባለቤት የለውም» ማለት እንዴት ይቻላል? ባለቤቷ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ፣ ዛሬም ድረስ «ያን ቀን ልብስ ሳጥብ» እያለች ታወራ ይሆናል። ወዳጄ ማፈላለጊያውን ለወርቁ እንጂ ለባለቤቷ አላዘጋጀም።

እኔ በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የምውል ሰው ነኝ። በሙያችን አንድ ቀላል ሕግ አለ፤ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ በካዝናው ውስጥ ትርፍ ገንዘብ ከተገኘ ትርፉ የገንዘብ ከፋዩ አይሆንም። ይመዘገባል፣ ለብቻው ይቀመጣል፣ ባለቤቱ ይፈለጋል። ማንም ባይጠይቀው እንኳ «አገኘሁት» የሚለው ቃል «የኔ ነው» ወደሚለው ቃል አያሻግርም። ሐይቁስ ከካዝና በምን ያንሳል? እንዲያውም ሐይቅ ያለ መዝገብ ያለ ደረሰኝ የተቀበለውን አደራ ስለሚያቆይ፣ አደራውን የሚያነሣው ሰው መዝገብ የመሆን ግዴታ አለበት።

ይህ የኔ ስብከት ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጠፋ ዕቃ ያገኘ ሰው ማስታወቅ እንደሚገባው ጽፏል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋና ቁፋሮ ማካሄድን ከልክሏል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ወዲያው እንዲያስታውቅና ዕቃውን ሳይነካካ እንዲጠብቅ ደንግጓል።

«ቅርስ ከየት መጣ? እኔ የማወራው ስለ ቀለበት ነው» እንደሚለኝ አውቃለሁ። መሣሪያው ግን ቀለበትንና ቅርስን አይለይም፤ ቦታው ደግሞ ተራ ቦታ አይደለም። ከአርዲቦ በታች ያለው ሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የትምህርት ማእከል ያደረጉት ገዳም ነው። በ1524 ዓ.ም. ገደማ የኢማም አሕመድ ሠራዊት እዚያ ደርሶ የገዳሙን ሀብት እንደወሰደ ታሪክ ይናገራል። ሐይቁ ራሱ እንዴት እንደተፈጠረ የሚተርከው አፈ ታሪክም የፍርድ ታሪክ ነው፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በልዕልት ተበደለች፣ እግዚአብሔር ተቆጣ፣ እርሷ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር ዙሪያው ሁሉ ውሃ ሆነ። እንዲህ ባለ አገር ከመሬት የሚወጣ አንድ ቁራጭ ብር ምን ሊናገር እንደሚችል አስቀድሞ ማን ያውቃል?

እዚህ ላይ ቅኔ ወዳዶች ይረዱኛል። ወርቅ ሠሪ ጌጡን በመጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ ከዚያ ሰሙ ቀልጦ በለቀቀው ቦታ ወርቁን ያፈሳል። ወርቁ ቅርጹን ያገኘው ከሰሙ ነው። ለተቀበረ ዕቃም ሰሙ ቦታው ነው፤ በየትኛው ጥልቀት፣ ከምን ጎን፣ ከየትኛው አፈር ጋር እንደተገኘ። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ዋጋው ብራናው ብቻ አይደለም፤ ማን እንዳስጻፈው፣ ለየትኛው ቤት እንደተሰጠ መታወቁ ነው። ሌሊት ተቆፍሮ በኪስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መስቀል ግን በሚዛን ላይ የሚቀመጥ ብረት ብቻ ይሆናል። ሰሙን ጥሎ ወርቁን ብቻ ያነሣ ሰው ቅኔውን አልፈታም፤ ቀደደው እንጂ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ በውጫሌና በሐይቅ በኩል ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ወርዷል። ጦርነት ባለፈበት አፈር ውስጥ የሚቀረው ብረት የእጅ ጌጥ አይደለም። ያልፈነዳ ተተኳሽ የእረኛ ልጅ እጅ ሲቆርጥ ሰምተናል። ይህን መሣሪያ በትክክለኛ ስሙ የሚያውቁት ፈንጂ አምካኞች ናቸው፤ እነርሱ ሲጮኽላቸው ይቆማሉ። ወዳጄ ሊያስተምራቸው የሚፈልጋቸው ወጣቶች ግን ሲጮኽላቸው ዶማ ያነሣሉ። የአንድ ልጅ ጣት ስንት ቀለበት ያወጣል?

መሣሪያውን በደፈናው አላወግዝም። በየአገሩ የጠፋ የቃል ኪዳን ቀለበት ፈልገው ለባለቤቱ የሚመልሱ ሰዎች አሉ፤ እጃቸው ይባረክ። በ2009 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በስታፎርድሸር አንድ ሰው በገበሬ ማሳ ላይ በዚሁ መሣሪያ ታላቅ የወርቅ ክምችት አግኝቶ አስታወቀ። ሀብቱ ወደ ሙዚየም ገባ፤ 3.285 ሚሊዮን ፓውንድ ዋጋ ተተመነለት፤ ገንዘቡን አግኚውና ባለመሬቱ ተካፈሉት። ይህ የሆነው ሰውየው ያገኘውን ስለተናገረ ነው። ወዳጄ ከባሕር ማዶ መሣሪያውን ሊያመጣ አሰበ፤ መናገሩን ግን እዚያው ትቶት መጣ።

ስለዚህ ሙግቴ አጭር ነው። በአርዲቦ ዳር ቀለበት የጠፋባት ሴት ብትጠራህ ሂድ፣ ፈልግላት፣ ብታገኘው በእጇ አኑርላት፣ ዋጋህንም ተቀበል። ማንም ሳይጠራህ፣ ለማንም ሳትናገር፣ የማንን እንደምታነሣ ሳትጠይቅ የምትፈልግ ከሆነ ግን ሥራህን «ፍለጋ» ብለህ አትጥራው፤ አማርኛ ለዚህ ሌላ ቃል አለው።

ውሃ አደራ በላ አይደለም፣ የጣሉበትን ያቆያል፤
ሰው ግን ያነሣውን ሁሉ፣ «የኔ ነው» ብሎ ይምላል።

ቸር እንሰንብት።