በደብረ ሲና ቡችላ ይለቀቅ ወይስ ይከለል?

አዲስ ቡችላ ወደ ቤት በገባ በመጀመሪያዎቹ ወራት ምን ያህል እንደ ልቡ ይዘዋወር የሚለው ጥያቄ ውሻ በሚያሳድጉ ሰዎች ዘንድ ሁሌም ያከራክራል። በደብረ ሲና ክርክሩ ጠንከር የሚለው ከተማዋ በጣርማ በር አቀበት ግርጌ፣ በአዲስ አበባና ደሴ አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተቆረቆረች በመሆኗ፣ ከአጥር ውጭ ያለው አደጋ በቀን የመኪና፣ በሌሊት ደግሞ የአውሬ ስለሆነ ነው። ሁለት ጸሐፊዎች በተቃራኒ ወገን ቆመው ቀጥሎ ተሟግተዋል።

አንደኛ ጸሐፊ፦ ነጻነቱ በደረጃ ይሁን

በዚህ ሙግት «መከለል» ሲባል ቡችላን በገመድ ማሰር ማለት አይደለም። በቆርቆሮ፣ በአጠና ወይም በሽቦ የታጠረ፣ ቡችላው የሚተኛበት፣ የሚበላበትና የሚጫወትበት ጠባብ ስፍራ ማዘጋጀት፣ ስፍራውንም በዕድሜውና በጠባዩ ልክ ቀስ በቀስ ማስፋት ማለት ነው። ቡችላ በስምንተኛው ሳምንት ገደማ ከእናቱ ተለይቶ ሲመጣ አብዛኛውን ቀን ተኝቶ የሚውል፣ ሲነቃ ግን ያገኘውን ሁሉ በአፉ የሚመረምር ፍጡር ነው፤ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር የወተት ጥርሱ በቋሚ ጥርስ በሚተካበት ጊዜ ደግሞ ድዱ ስለሚያሳክከው የኤሌክትሪክ ገመድን ከአሮጌ ጫማ፣ የአይጥ መርዝ የተለወሰበትን ዳቦ ከተራ ፍርፋሪ አይለይም። ሽንቱን የመያዝ አቅሙም አነስተኛ ሲሆን፣ አሳዳጊዎች በልምድ የሚይዙት ግምት በወር ዕድሜ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ የሁለት ወር ቡችላ ከሁለት ሰዓት በላይ መታገስ አይችልም እንደ ማለት ነው። ቤቱ ሁሉ የተለቀቀለት ቡችላ በየማዕዘኑ ይሸናል፣ ሽታው መልሶ ስለሚጠራውም ያንኑ ስፍራ ደጋግሞ ይጠቀማል። በጠባብ ስፍራ የሚውለው ግን የተኛበትን ላለማበላሸት ስለሚጠነቀቅ፣ ከእንቅልፉ ሲነቃና በልቶ ሲጨርስ ወዲያው ወደ ውጭ ከተወሰደ ሳይደበደብ ይለምዳል።

የዚህ ወገን ዋነኛ ጉዳይ ግን ምንጣፍን ከሽንት ማዳን አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ፣ በሕክምና ስሙ ሬቢስ፣ የነርቭ ሥርዓትን የሚያጠቃ ቫይረስ የሚያመጣው፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ከሞላ ጎደል ሁሌም የሚገድል በሽታ ነው። በአዲስ አበባ ወረርሽኙ በጽሑፍ የተመዘገበው ገና እ.ኤ.አ. በ1903 ሲሆን፣ ከመቶ ዓመት በኋላም ኢትዮጵያ በበሽታው ክፉኛ ከሚጎዱት የአፍሪካ አገሮች ተርታ አልወጣችም። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በዓለም ዙሪያ በዓመት 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል፣ ወደ ሰው ከሚተላለፈውም እስከ 99 በመቶው ከውሻ እንደሚመጣ፣ በበሽታው ከተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎችም 40 በመቶው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች እንደሆነ ይገምታል። በተለመደው አሠራር የቡችላ ክትባት የሚሰጠው ሦስት ወር ሲሞላው ነው፤ ከዚያም ሰውነቱ የመከላከል አቅም እስኪገነባ ተጨማሪ ሳምንታት ያልፋሉ። በዚህ መካከል በሰፈር ውሾች መሀል የሚዞር ቡችላ ቢነከስ ቁስሉ በጠጉሩ ተሸፍኖ ይቀራል፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሲታመም ደግሞ እንደ መርፌ በሾለው የወተት ጥርሱ የልጅ እጅ ቢጭር ጭረቱን እንደ ንክሻ የሚቆጥር የለም። የትልቅ ውሻ ንክሻ ሰውን ወደ ጤና ጣቢያ ያስሮጣል፤ የቡችላ ንክሻ ግን ጨዋታ ተብሎ ይታለፋል፣ ለዚህም ነው ይበልጥ የሚያሰጋው።

በበዓል ሰሞን በየግቢው በግ ሲታረድ የሚጣለው ሳንባና ጉበት ሌላው ስጋት ነው። በጥገኛ ትል የተያዘ በግ በእነዚህ ብልቶቹ ውስጥ ሀይዳቲድ የሚባል ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይይዛል፤ ቡችላው ይህን ጥሬውን ሲበላ በአንጀቱ ውስጥ ጥቃቅን ትሎች ያድጋሉ፣ እንቁላላቸውም ከዓይነ ምድሩ ወደ ጠጉሩ፣ ከጠጉሩ ወደ ልጆች እጅና አፍ ይሸጋገራል፣ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። ከጣርማ በር ጠመዝማዛ መንገድ ፍሬኑ ግሎ ስለሚወርደው ተሳቢ መኪናና በወፍ ዋሻ ደን ስለሚኖረው ነብር፣ ለውሻ ሥጋ ስላለውም ፍቅር፣ ለደብረ ሲና ነዋሪ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሕጉም የሚደግፈው ይህንኑ ወገን ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ በድንገት ከእጁ ቢያመልጥም እንኳ፣ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ጉዳቱ በሰው ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም። ደብረ ሲና በምትገኝበት በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጓሳ፣ በመላ አገሪቱ ቁጥሩ ከ500 እንደማይበልጥ የሚነገርለት ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች ከለማዳ ውሾች የተዛመተው የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ይኖሩ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል። የውሻን ወሰን የለሽ ዝውውር የቤት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ ጸሐፊ፦ ቡችላ ከሰው መሀል ይዋል

አንደኛው ጸሐፊ የዘረዘሩት በሽታ ሁሉ እውነት ነው፤ ያልተነሣው ግን ቡችላ በእነዚያው ሳምንታት ውስጥ ሌላ ነገር እንደሚያልፈው ነው። የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪዎች «የማኅበራዊ ትውውቅ ወቅት» የሚሉት፣ ከሦስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለተኛው ወይም አሥራ አራተኛው ሳምንት የሚዘልቀው ጊዜ፣ ቡችላ ሰውን፣ ድምፅንና ሌላውን እንስሳ ያለ ፍርሃት የሚቀበልበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ ሜይን ግዛት በባር ሃርበር ተመራማሪዎች ቡችሎችን በከፍተኛ አጥር በተከበበ መስክ ከሰው አርቀው አሳደጉ፤ ከፊሎቹን በተለያየ ዕድሜያቸው ለአንድ ሳምንት ብቻ ከሰው አገናኟቸው፣ ሌሎቹን ግን እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ተዉአቸው። እነዚህ የኋለኞቹ ከዚያ በኋላ ብዙ ቢደከምባቸውም ከሰው የሚሸሹ ዱር አደር ሆነው ቀሩ። ምግብና ሰፊ መስክ አልጎደለባቸውም፤ ያጡት ሰው ነበር።

እንግዲህ ሁለቱን የጊዜ ስሌት ማስተያየት ነው። ክትባቱ በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ተሰጥቶ፣ አቅሙም እስኪገነባ ተጠብቆ፣ በሩ የሚከፈተው በአሥራ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ከሆነ፣ ቡችላው የሚወጣው የመተዋወቂያው ወቅት ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጃንጥላ የዘረጋ ቄስ፣ በቅሎ የሚነዳ ገበሬ፣ ጆንያ የተሸከመ ወዛደር፣ የሚንጫጫ ተማሪ ሁሉ ለእርሱ ጠላት ነው። ከፍርሃት የተነሣ የሚናከስ ውሻ የተገኘው በዚህ መንገድ ከሆነ፣ የተጠቀሰው ቁጥር 2071 ባለቤቱን በፍርድ ቤት የሚጠይቀው አጥብቆ ስለ ከለለው እንጂ ስለ ለቀቀው አይደለም። ለጥበቃም ቢሆን ጅቡንም፣ ጎረቤቱንም፣ ቆርቆሮ የሚያንኳኳውንም ነፋስ እኩል የሚጮህበት ውሻ ምን ይጠቅማል? ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኸውን ውሻ ባለቤቱም መስማት ይተዋል።

«መከለል ማሰር አይደለም» መባሉም በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ቆርቆሮና አጠና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሲባጎ ግን በየሱቁ አለ። ጧት ቆሎ ለመቁላትና አውቶቡስ ከሚቆምበት ወርዶ ለመሸጥ የሚወጣ ቤተሰብ «ከልሉት» ሲባል የሚያደርገው ቡችላውን ከአጥሩ ቋሚ ላይ ማሰር ነው። በሁለት ወር ዕድሜው በአንገቱ የዞረው ሲባጎ ቡችላው ሲያድግ አብሮት አያድግም፤ ጠጉር ስለሚጋርደው አይታይም፣ ቆዳው ተቆርጦ ሥጋው ገመዱን ከዋጠና ቁስሉ መሽተት ከጀመረ በኋላ ነው የሚታወቀው። በየሰፈሩ አንገታቸው ዙሪያውን ጠጉር አልባ ጠባሳ ያለባቸው ውሾች የዚህ ምልክት ናቸው። «ቀን ታስሮ የዋለ ውሻ ማታ ኃይለኛ ይሆናል» የሚለው የቆየ እምነት ደግሞ ገመዱን ጭካኔ ሳይሆን ብልሃት አስመስሎታል።

የክትባቱም ጉዳይ እንደ ተባለው የተዘጋ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በዘመቻ መልክ በሚሰጥ ክትባት ከሦስት ወር በታች ያሉ ቡችሎችም እንዲካተቱ ይመክራል፤ ስለዚህ ሦስት ወር እስኪሞላ ቡችላን ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ አለመውሰድ ልማድ እንጂ ግዴታ አይደለም። የሀይዳቲዱን ነገር በተመለከተ ደግሞ ጥፋቱ ሳንባውን በየአጥሩ ሥር የሚጥለው አራጅ ነው፤ ይቅበረው ወይም ያቃጥለው።

ነጻነት ሲባል አስፋልት ላይ መልቀቅ ተደርጎ ሊተረጎም አይገባም። የግቢው በር ይዘጋ፣ ማታ ጅብ ሳይወጣ ቡችላው ወደ ቤት ይግባ። ቀን ግን በግቢውም በቤቱም ሰው ካለበት ቦታ ይዋል፣ ምጣዱ ዳር ይተኛ፣ ልጆች አዋቂ እያያቸው ያጫውቱት። ገና ያልተከተበውን ቡችላ መሬት ሳያስነኩ በዘንቢል አድርጎ ገበያ ማድረስ ይቻላል፤ ጭንቅላቱን ከዘንቢሉ አውጥቶ የመኪናውን ጡሩንባ፣ የአህያውን ኮቴና የእንግዳውን ሰው እጅ ይለምዳል፣ የሰፈር ውሻም አያገኘውም።

የአንደኛው ጸሐፊ መልስ

የዘንቢሉን ሐሳብ ይህ ወገን ይቀበለዋል፤ ቡችላ ዓለምን እንዲያይ የሚያደርግ፣ እንዲዞር ግን የማይለቀው ስለሆነ የመከለል እንጂ የመልቀቅ ዘዴ አይደለም። የሲባጎውም ቁስል የገመዱ በደል ነው፤ ከመከለል ጋር ማቆራኘት አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ደግሞ ከዓላማው ጋር መነበብ አለበት፦ ዘመቻው ተመልሶ ላይመጣ ስለሚችል የተገኘው ውሻ ሁሉ ይከተብ ማለት ሲሆን፣ በለጋ ዕድሜው የተከተበ ቡችላ በማግሥቱ ከሰፈር ውሾች ጋር ይቀላቀል ማለት አይደለም።

ከሁሉ በላይ «የግቢው በር ይዘጋ» የሚለው ቃል በደብረ ሲና ግቢዎች ላይ የማይሠራ ነው። በአንድ ግቢ ሦስትና አራት ተከራይ በሚኖርበት፣ ውኃ ቀጂና ተማሪ ከንጋት እስከ ምሽት በሚመላለስበት ቤት በሩን ሁሌም የሚዘጋው ማን ነው? ግቢው ከአውራ ጎዳናው በሃያና በሠላሳ እርምጃ ርቀት ላይ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ሳይዘጋ የተረሳ በር ይበቃል።

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

ተከራይ የበዛበት ግቢ ለመዝጋት ማስቸገሩ አይካድም፤ ነገር ግን ቡችላ በሦስት ወር ውስጥ ሊያውቀው የሚገባውን የሰው ዓይነት ሁሉ ያለ ድካም የሚያገኘው እዚያው ነው። የማይዘጋው በር ከታች አንድ ክንድ ቁመት ያለው የሣንቃ እገዳ ቢገጠምለት ሰው ይሻገረዋል፣ ቡችላው ግን እስከ አራተኛ ወሩ አይዘለውም። ለእገዳው የሚያስፈልገው እንጨት አንደኛው ጸሐፊ ለአጥሩ ከሚጠይቁት እጅግ ያነሰ ነው፤ ልዩነቱ የእርሳቸው አጥር ቡችላውን ከቤተሰቡ ለይቶ ከውስጥ ሲያስቀር፣ ይህኛው ግን ከቤተሰቡ ጋር አንድ ላይ ከመንገዱ ለይቶ ማስቀረቱ ነው።