ሞተሩና መሪው አብረው ይዙሩ

በጣና ሐይቅ ዳርቻና በደቅ ደሴት የሚኖረው ገበሬ እህሉንና ዓሣውን በደንገል ታንኳ ሲያመላልስ ኖሯል። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ሞተር ያላቸው የዓሣ ማስገሪያ ጀልባዎች ወደ ሐይቁ መግባት ከጀመሩ ወዲህ ግን የብዙው ሰው ዓይን ወደ ሞተር ዞሯል። ቤንዚን በተወደደ ቁጥር ደግሞ የቪክቶሪያ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች የሚጠቀሙበትን ሸራ ከሞተር ጋር አጣምሮ መሥራት ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ሆኖም እንዲህ ያለ ጀልባ ለመግዛት ወይም ለማሠራት የሚያቅድ የገበሬ ማኅበር መሪ ስለ ሞተሩ የፈረስ ጉልበት ከመጠየቁ በፊት ሞተሩና የጀልባው መሪ እንዴት እንደሚያያዙ መጠየቅ ይገባዋል።

የጀልባ መሪ የምንለው ከኋላ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጀታ የሚዞረውን ሳንቃ ነው። ይህ ሳንቃ ጀልባውን የሚያዞረው ውኃ በላዩ ላይ ሲፈስ ብቻ ስለሆነ ጉዞው ሲዘገይ አቅም ያጣል። ሞተሩን ቀጥ አድርጎ አስሮ በመሪው ብቻ የሚነዳ ሰው በሐይቁ መካከል አይቸገርም። ወደብ ሲደርስ ግን፣ ያውም ጀልባው እህልና ሰው ጭኖ ነፋስ ከጎን ሲገፋው፣ እጀታውን ቢያዞር ጀልባው አይታዘዘውም። ሁለቱን በሁለት እጁ ልያዝ ቢል ደግሞ አንዱን ወዲህ ሌላውን ወዲያ ማዞሩ አይቀርም። ገመድ የሚወረውርበት ሦስተኛ እጅስ ከየት ይመጣል?

መፍትሔው ውድ አይደለም። የመሪውን እጀታና የሞተሩን እጀታ በቀጭን የብረት ቧንቧ ማገናኘት ነው። የቧንቧው ሁለት ጫፎች እንደ ልብ የሚተጣጠፉ መሆን አለባቸው። ቧንቧው ከሁለቱም መዞሪያዎች እኩል ርቀት ላይ ከተያያዘ መሪውና ሞተሩ እኩል ይዞራሉ፤ በሞተሩ በኩል ወደ መዞሪያው ከተጠጋ ሞተሩ ይበልጥ ይዞራል። ቤንዚን ለመስጠት በሚጠመዘዘው የእጀታ ጫፍ ላይ ግን ፈጽሞ መታሰር የለበትም። የሞተሩን መዞሪያ የሚያጠብቀው ብሎንም ላላ ይበል፤ አለዚያ እጀታው ይከብዳል።

ከሁሉም የሚበልጠው ማያያዣው ያለ መፍቻ በአንድ እጅ የሚነቀል መሆኑ ነው። በሸራ ሲጓዙ ሞተሩ ከውኃ መውጣት አለበት፤ ማያያዣው አልላቀቅ ካለ መሪው አብሮ ይታሰራል። ይህን ያልተረዳ በያጅ ቧንቧውን አጥብቆ በይዶ ሊያስረክብ ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሥራ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ክፍያ መፈጸም አይገባውም።

ርክክቡ በውኃ ላይ ይሁን። ሞተሩ ሳይነሣ እጀታው እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይዙር፤ ፕሮፔለሩ መሪውን የሚነካ ከሆነ ሞተሩ ራቅ ተደርጎ እንደገና ይሰቀል። ቀጥሎም ጀልባው ጭነት ይዞ በዝግታ ወደ ወደቡ ይጠጋ። መሪና ሞተር አብረው ሲዞሩ ጀልባው በኃይል ስለሚታጠፍ በፍጥነት እየሄዱ እጀታውን በአንድ ጊዜ መጠምዘዝ ሊገለብጥ እንደሚችል ለነጂው አስቀድሞ ይነገረው። ማያያዣውን ነቅሎ መልሶ ሲሰካም የማኅበሩ ኮሚቴ ቆሞ ይመልከት።