ሞተሩ ባለቤቱን ይናገራል?

ሙግት፦ ወልድያ ውስጥ በሞተር ጥገና የሚተዳደር ጸሐፊ እና በግራና ሸለቆ ለረጅም ዓመታት በግብርና ባለሙያነት ያገለገሉ ጡረተኛ

ይናገራል

አንድ የሀብሩ ወረዳ ወጣት በስሙ ምን ምን እንዳለው ቁጠሩ። መሬቱ የአባቱ ነው። ጎጆ ሲቀልስ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሲያገባ ሽማግሌ ይላካል። ሞተር ግን ራሱ መርሳና ወልድያ ተመላልሶ፣ አይቶ፣ አስነስቶ፣ በዋጋ ተከራክሮ ይገዛል። ብዙ ጊዜ ማንም ሳይወስንለት የሚፈጽመው የመጀመሪያው ትልቅ ግዥ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ ስለ ሰውየው ምንም አይናገርም የሚለኝን ለመቀበል ይቸግረኛል።

በሥራዬ ሞተሩንም ባለቤቱንም አብሬ አያለሁ። ቦክሰር ይዞ የሚመጣው ደንበኛ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የመለዋወጫውን ዋጋ ነው። የገዛው ሞተር ለእሱ የሚስማማ ነው፦ ወንበሩ ረጅም ነው፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛ አለው፣ አንድ ሲሊንደር ያለው በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ስለሆነ ፈትቶ መግጠም አያስቸግርም። ይህ ሰው ሲገዛ የሚሸጥበትን ቀን ጭምር አስቦ ነው። ሁለት ሰው አፈናጦ፣ ከኋላ አንድ ጆንያ ሽንኩርት አስሮ ገበያ የሚወጣ ሰው እንዲህ ቢያስብ አያስደንቅም።

አፓቼ የሚገዛው ሌላ ነው። አምራቹ ቲቪኤስ ይህን ሞተር ሲያስተዋውቅ የእሽቅድምድም ስሙን ነው ያስቀደመው። ታንከሩ ሰፊ ትከሻ አለው፣ አቀማመጡ ወደ ፊት ያጎነብሳል፣ ጋዝ ሲሰጡት ፈጥኖ ይነሳል። ባለቤቱ ጋራዥ ሲደርስ ገና ሳይወርድ ስለ ማርሚታው ድምፅ ይነግረኛል። ከርቀት መታወቅ ይፈልጋል። ይህን እንደ ነውር አልቆጥረውም፤ ሰው በአገሩ፣ በእኩዮቹ መካከል ልታወቅ ማለቱ ያለና የነበረ ነገር ነው።

የነበረ ስል ወሎን አስቤ ነው። ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ ይባሉ ነበር፤ የፈረስ ስማቸው ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ነበሩ። አያቶቻችን ሰውን በሚጋልበው ፈረስ መጥራታቸው ያለ ነገር አልነበረም። ጋላቢና ፈረሱ አንድ ላይ የሚታዩ፣ አንዱ የሌላው ምስክር የሚሆኑ መሆናቸውን ያውቁ ነበር። ፈረሱ ሄዶ ሞተር ሲመጣ ይህ ዕውቀት አብሮ ጠፋ ብዬ አላምንም።

እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የታተመው የሮበርት ፐርሲግ «ዜን ኤንድ ዘ አርት ኦቭ ሞተርሳይክል ሜንተናንስ» የተሰኘ መጽሐፍም በዚሁ ጉዳይ ላይ ይቆማል። ጸሐፊው በአሮጌ ሆንዳ፣ ጓደኛው በጀርመን ሠራሽ ቢኤምደብሊው አብረው ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። ጸሐፊው ሆንዳውን ራሱ ይፈታል፣ ራሱ ይገጥማል። ጓደኛው ቢኤምደብሊው የመረጠው ስለማይበላሽና እጁን ማስገባት ስለማያስፈልገው ነው። የጓደኛው የሞተር መሪ ሲላላ ጸሐፊው ከቢራ ጣሳ ትንሽ ቆርቆሮ ቆርጦ በመሐል ሊያስገባለት ይላል። ጓደኛው ቅር ይለዋል፤ እንዲያ ባለ ውድ ሞተር ላይ የጣሳ ቁራጭ! መጽሐፉን ያነበበ ሞተር ጠጋኝ ሁሉ እነዚህን ሁለት ሰዎች ያውቃቸዋል። እኔ ዘንድ በየሳምንቱ ይመጣሉ።

ጌጡንም አትርሱ። በአንዱ ጭቃ መከላከያ ላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል፣ በሌላው ላይ «ማሻአላህ»፣ በሦስተኛው ላይ የእግር ኳስ ቡድን አርማ ተለጥፏል። ከፋብሪካ አንድ ዓይነት ሆኖ የወጣው ሞተር ወሎ በገባ በወሩ የሰው መልክ ይይዛል።

አይናገርም

ወንድሜ፣ በራሴ ልጀምር። እኔ ለብዙ ዓመታት የነዳሁት ያማሃ ኤጂ 100 ነው። ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ በሽፋን የተዘጋ ስለሆነ ጭቃ አይገባበትም። ማቆሚያ በግራም በቀኝም ስላለው ገደል አፋፍ ላይ ሳይቀር ይቆማል። ፊትና ኋላው የዕቃ መጫኛ ነው፤ ከፊት የዘር ከረጢት፣ ከኋላ የማዳበሪያ ናሙና ይዤበታለሁ። ያማሃ የሠራው ለገበሬ ነው። የግራና ሰው «ረጋ ያለ ሰው፣ ረጋ ያለ ሞተር» ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን ሞተሩን መሥሪያ ቤቱ ሰጠኝ፤ ታርጋው የመንግሥት፣ ኮድ 4 ነበር። ዲቲ 125 ቢሰጡኝ ኖሮ ያው ሕዝብ ደፋር ይለኝ ነበር። እኔ ግን ያው እኔ ነኝ።

ወጣቱ ብቻውን ይገዛል ትላለህ። መቼ ብቻውን ገዛ? ገንዘቡን አጎቱ አበድረውታል፣ ዓረብ አገር ያለች እህቱ ልካለታለች፣ ወይም ከሽንኩርት ሽያጭ አግኝቶታል። ሽንኩርቱ ደግሞ ዋጋው ከወደቀ ቦክሰሩም የለም። የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የጉድጓድ ውኃ አውጥቶ መስኖ ካስፋፋ ወዲህ ቲማቲምና ሽንኩርት በብዛት ወደ ገበያ የሚወጣበት ቀበሌ አለ፤ ውኃው ያልደረሰበትም አለ። ማን ሞተር እንደሚገዛ፣ ምን ዓይነት እንደሚገዛ ለማወቅ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የውኃውን መስመር ነው።

መንገዱም ይመርጣል። ከወልድያ በስሪንቃ በኩል እስከ መርሳ አስፋልት ላይ ነህ፤ አፓቼህ ያምርብሃል። ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ ስትገባ ጠጠር አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ክረምት ላይ ሞልቶ የሚያሳድርህ ወንዝ አለ። እዚያ ባለ አፓቼው ወርዶ ሲገፋ ባለ አሮጌው ቦክሰር ያልፋል። በዚህ ላይ መለዋወጫውን ጨምርበት። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካላማዳሪያ መርሳ ላይ የማይገኝለትን ሞተር ማን ይገዛል? ነዳጅ በጠፋ ጊዜስ? በሃይላንድ ተሞልቶ በመንገድ ዳር በእጥፍ ዋጋ የሚሸጥ ቤንዚን ለሚገዛ ሰው ብዙ የሚጠጣ ሞተር መምረጥ የባሕርይ ሳይሆን የአቅም ጉዳይ ነው።

የፈረስ ስም ያልከው ደስ ብሎኛል፤ ግን ለእኔ ይመሰክራል። አባ ታጠቅ በሰውየው ሥራ የገነነ ስም ነው። ፈረሱ ሲያረጅ ስሙ አላረጀም። ፈረሱ ዝናውን ከጌታው አገኘ እንጂ ጌታው ከፈረሱ አላገኘም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ሰውን በሞተሩ መገመት የሚያደርሰውን ጉዳት ሰው ልብ ብሎ አያየውም። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር መንዳት ተከለከለ። በምክንያትነት የቀረበው በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። ዝርፊያው እውነት ነው፤ የተዘረፈ ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ። ግን ዕቃ አድርሶ እናቱን የሚጦረውም ልጅ በዚያ ቀን በአንድ ዓይን ታየ። ሞተረኛ መሆኑ ብቻ ተጠርጣሪ አደረገው። አንተ «አፓቼ የሚነዳ ታይታ ወዳድ ነው» ስትል፣ ከዚያ «አፓቼ የሚነዳ አይታመንም» እስከሚለው ያለው መንገድ አጭር ነው።

አሜሪካኖችም ይህን አሳልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1947 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሆሊስተር በተባለች ከተማ ሞተረኞች ረብሻ አስነሱ፤ በ1953 ማርሎን ብራንዶ የተወነበት ፊልም ወጣ፤ ሞተረኛ ማለት ወሮበላ ማለት ሆነ። ሆንዳ በ1959 ትንሿን ሱፐር ከብ ይዞ ገባና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በማስታወቂያው ላይ ተማሪውን፣ እናቱን፣ ደህና የለበሰውን ሠራተኛ አስቀመጠ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሞተረኛ የተከበረ ሰው ሆነ። ሰዉ ባሕርዩን በዚህ ፍጥነት ለወጠ ትለኛለህ? የተለወጠው ሻጩ የሳለው ሥዕል ነው። አንተ ከጋራዥህ ሆነህ የምታነበው ባሕርይም ግማሹ ፋብሪካው የጻፈው ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ወደ ወልድያና መርሳ ሲደርስ አብዛኛው ሰው በእግሩ ወጣ። በሰፈራችን ቀይ አፓቼ የነበረው ልጅ ነበረ፤ ድምፁን የምንረግመው፣ ሽማግሌዎች «ይሄ ልጅ አንድ ቀን ራሱን ያጠፋል» የሚሉት። ያ ልጅ የራሱን ቤተሰብ ካሸሸ በኋላ ተመልሶ መጣ። መራመድ ያቃታቸውን አሮጊቶች እየመረጠ፣ በገመድ ከወገቡ ጋር እያሰረ ወሰደ። እንደገና ተመለሰ። በሞተሩ ፈርደንበት የነበርን ሁላችን አፍረናል። ረጋ ያለ ሞተር ይነዱ የነበሩ አንዳንዶች ግን ዕቃቸውን ጭነው ወደ ኋላ ሳያዩ ሄደዋል።

ይናገራል፣ ድጋሚ

ጋሼ፣ የልጁን ታሪክ ሲያነሱ እንደሚረቱኝ አስበው ነው። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ይኸው ነው። ያ ልጅ አፓቼ የመረጠው የማይፈራ ልጅ ስለሆነ ነው። በሰላሙ ጊዜ ድፍረቱ ድምፅና ፍጥነት ሆኖ ወጣ፤ በክፉው ቀን ሰው ሁሉ ወደሚሸሽበት አቅጣጫ ተመልሶ እንዲነዳ አደረገው። ሞተሩ ስለ እሱ እውነቱን ተናግሮ ነበር። ሰፈሩ ድፍረቱን ብልግና ብሎ ተረጎመው። የተሳሳተው አንባቢው ነው።

ስለ ጥርጣሬው ያሉትን ግን እቀበላለሁ፤ በአዲስ አበባው ክልከላም ከእርስዎ ጋር አዝናለሁ። የሰውን ምርጫ ማንበብና በምርጫው መቅጣት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አጥብቄ እይዛለሁ። ስለ መንገዱና ስለ ገንዘቡ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ምርጫው ጠባብ ነው ማለት ምርጫ የለም ማለት አይደለም። ከአንድ ቀበሌ፣ ከአንድ ማሳ፣ እኩል ብር ይዘው የመጡ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ አዲስ ቦክሰር፣ ሌላው ያገለገለ አፓቼ ይዘው ሲመለሱ አይቻለሁ። መንገዱ አንድ ነው፣ መለዋወጫ ሱቁም አንድ ነው። የቀረው ልዩነት ከየት መጣ? እናታቸው ገና ከሕፃንነታቸው ታውቀው ነበር።

የኮድ 4 ሞተርዎንም አልዘነጋሁም። አልመረጡትም፤ ልክ ነዎት። ጡረታ ሲወጡ ግን በገንዘብዎ የገዙት ምን ነበር? ያው ረጋ ያለ ሞተር ነው፤ ዘይቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ።

አይናገርም፣ ድጋሚ

በልማድ ነው የገዛሁት፣ ወንድሜ። እጄ የፍሪሲዮኑን አያያዝ ስለለመደ፣ ጉልበቴም ከፍ ያለ ወንበር ላይ ስለማይወጣልኝ። ሽምግልናን ባሕርይ ካልከው ይሁንልህ።

ስለ ልጁ ያልከው ግን ሲያሳስበኝ አደረ። ምናልባት ድፍረቱ በሁለቱም ቦታ አንድ ነበር። እኔን የሚያስጨንቀኝ ድፍረቱን ያየነው ከተመለሰ በኋላ መሆኑ ነው። ቀድሞ ሞተሩን አይቶ «ይህ ልጅ ለአሮጊቶች ይመለሳል» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ነገሩ ካለፈ በኋላ ብቻ የሚነበብ ጽሑፍ ለፍርድ አይበቃም፤ ሰው ግን በየቀኑ ይፈርድበታል። ፖሊሱ በኬላ፣ አባትየው ልጁን ሲድር፣ አበዳሪው ዋስ ሲጠይቅ።

አሁን በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር የሚጠይቁኝ ወጣቶች አሉ። ድምፅ የለውም፣ ማርሚታ የለውም፣ ማርሽም የለውም። አንተ ባሕርይን ያነበብክባቸው ምልክቶች ግማሾቹ ከሞተሩ ጋር ይሄዳሉ። ልጆቹ ግን እነዚያው ልጆች ሆነው ይቀራሉ፤ ቸኳዩ ቸኩሎ፣ ታጋሹ ታግሦ።

ወጣት ምን ሞተር ልግዛ ብሎ ሲመጣብኝ የምጠይቀው ይህንን ነው፦ የት የት ትሄዳለህ? ማን ይጠግንልሃል? ማንን ታፈናጥጣለህ? ሄልሜት ስንት ትገዛለህ? በእኛ አገር ለራሱ እንኳ የማይገዛ ብዙ ነው፤ ከኋላው ለምትቀመጠው እህቱ የሚገዛ ግን ጥቂት ነው። ከሞተሩ ዋጋ ላይ ቀንሶ፣ አዲሱን ትቶ ያገለገለ ወስዶ፣ በተረፈው ብር ሁለት ሄልሜት የገዛ ልጅ ካመጣህልኝ፣ ያንን ምርጫ ባሕርይ ብትለው አልከራከርህም።