«ምነው እስከ ዛሬ ሳይነግሩኝ?»

የሥራ አፈጻጸም ምዘና ፎርም ሞልታችሁ የምታውቁ ይህ ይገባችኋል። ከአምስት አራት ትሰጣላችሁ፣ አስተያየት ከሚለው ቦታ ላይ «ጎበዝ ናት፣ በዚሁ ትቀጥል» ብላችሁ ፈርማችሁ ትገላገላላችሁ። ከዚያ ሻይ ቡና ላይ ለባልደረባችሁ «ይቺ ልጅ ግን ሥራ አልሆነላትም» ትላላችሁ። አትፈሩ፣ እኔም አድርጌዋለሁ።

ከዓመታት በፊት በእኔ ሥር የምትሠራ አንዲት ወጣት ነበረች። ሰው አክባሪ፣ ሰዓት አክባሪ። የምታመጣው ወርኃዊ ሪፖርት ግን ድምሩ ከሠንጠረዡ ጋር አይገጥምም። አመስግኜ እቀበላትና አምሽቼ ራሴ አስተካክለዋለሁ። ደግ የሆንኩ መስሎኝ! የታረመውን ስለማታየው ያው ስህተት በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ይመጣል። እኔም እየመረረኝ ሄደ፤ ከበድ ያለውን ሥራ ለሌሎች መስጠት ጀመርኩ። የደረጃ ዕድገት ሲመጣ እሷ ታለፈች። ቢሮዬ ገብታ ምክንያቱን ስትጠይቀኝ፣ ያን ቀን ነገርኳት። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። «ምነው እስከ ዛሬ ሳይነግሩኝ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሜሪካዊቷ ኪም ስኮት እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመችው «ራዲካል ካንደር» በተሰኘ መጽሐፏ ተመሳሳይ ታሪክ ታወራለች። ቦብ የምትለውን ሠራተኛ፣ ሥራው ደካማ መሆኑን እያወቀች አሥር ወር ያህል ስታሞግሰው ኖራ በመጨረሻ አሰናበተችው። የእሱም ጥያቄ ይኸው ነበር። እንግዲህ ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ እኛ ግን «ይሉኝታ» ብለን ስም አውጥተን አክብረን እናኖረዋለን። «የሰው እንጀራ ልዘጋ እንዴ?» እያልን ዝም ስንል፣ ሰውየው እንጀራው እየተዘጋ መሆኑን እንኳን አያውቅም።

ያቺ ልጅ ምን ነበር ችግሯ? ቁጥሮቹን ከሁለት የተለያዩ ፋይሎች እየገለበጠች ነበር፤ አንዱ ያልታደሰ ነው። ይህን ያሳያት ሰው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ አብረን ቁጭ ብለን ጨረስነው። አንድ ከሰዓት በኋላ!

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ስንቶቻችን ነን በእነዚህ ቀናት ውስጥ አዲሱን ሠራተኛ ለብቻው ጠርተን፣ የሠራውን ወረቀት ፊቱ ዘርግተን «እዚህ ጋ ተሳስተሃል፣ እንዴት ነበር የሠራኸው?» የምንለው? «ሰነፍ ነህ» ማለት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ስድብ ነው። ስህተቱን በተሠራበት ሳምንት፣ ሰው በሌለበት፣ ስለ ሥራው ብቻ መናገር ግን ያን ያህል አይከብድም። የመጀመሪያው ቀን ላይ ድምፃችሁ ይንቀጠቀጥ ይሆናል፤ የእኔ ተንቀጥቅጧል።

ቤትስ? ባለፈው ሳምንት ወጡ ጨው ሲበዛበት ለሠራችው ልጅ ነገራችኋት ወይስ ለእህታችሁ ስልክ ደወላችሁ?